የምናዘው ቁጥርና የሚመለሰው ቁጥር፦ የተንቀሳቃሽ ቬንቲሌተር አሠራር መመሪያ

በተንቀሳቃሽ ቬንቲሌተር፣ ማለትም ሕመምተኛን በሚያስተነፍሰው መሣሪያ፣ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ። አንደኛው እኛ ያዘዝነው ነው። ሁለተኛው ከሕመምተኛው ዘንድ ተለክቶ የተመለሰው ነው። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ የታዘዘው ቁጥር ከታች፣ በሚዞረው ቁልፍ አጠገብ ይቀመጣል፤ የተለካው ከላይ ወይም ከጎን ጎላ ብሎ ይጻፋል። ታይዳል ቮልዩም፣ ማለትም በአንድ ትንፋሽ የሚገባው አየር፣ 450 ሚሊ ሊትር ተብሎ ታዝዞ፣ መዝገቡም ላይ 450 ተብሎ ተጽፎ፣ ከሳንባ ተመልሶ የወጣው ግን 260 ሆኖ ያገኘሁበት ሌሊት አለ። መዝገቡ የያዘው የእኛን ትእዛዝ ነበር። ሕመምተኛዋ የምታገኘው አየር ሌላ ነበር።

የምሠራው አዳማ ውስጥ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በነርስነት ነው። ሪፈር የተጻፈላቸውን ሕሙማን ይዤ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ብዙ ተመላልሻለሁ። ይህን የምጽፈው በአምቡላንስና በድንገተኛ ክፍል ለሚሠሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ጠቅላላ ሐኪሞች ነው፤ መሣሪያውን በሥልጠና ላይ አይተውት፣ ሌሊት ብቻቸውን ሲያገኙት ግን እጃቸው ለሚያመነታ ባልደረቦቼ። ከመሣሪያ መሣሪያ የቁልፉ ቦታና ስም ይለያያል፤ ስለዚህ የያዛችሁትን መሣሪያ የአምራቹን መመሪያ ቀድማችሁ አንብቡ። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ቁጥሩን የሚወስነውም የሚከታተለው ሐኪም ነው።

መጀመሪያ አምቡው

ቬንቲሌተሩን ከመንካታችሁ በፊት አምቡ ባጉን፣ ማለትም በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚያስገባውን ከረጢት፣ በሕመምተኛው ራስጌ አስቀምጡ፤ ከነጭንብሉ፣ ከነኦክሲጅን ቱቦው። በሻንጣ ውስጥ ያለ አምቡ የለም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ስትመታ፣ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀመጡ፣ ቀንና ሌሊት በእጃቸው ከረጢት እየጨመቁ የብዙ ሕሙማንን ሕይወት አቆይተዋል። የዛሬው መሣሪያ ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ ሲከዳን የምንመለሰው ወደዚያ እጅ ነው። አምቡውን ጨምቁት፤ ቫልቩ በትክክል መከፈትና መዘጋቱን እዩ። መምጠጫውም (ሳክሽኑ) መሥራቱን በጣታችሁ ደፍናችሁ አረጋግጡ።

ኦክሲጅኑን በሒሳብ

ኦክሲጅን በግምት አይጫንም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የሲሊንደሩ ይዘት በሊትር ሲባዛ በጌጁ (በግፊት መለኪያው) ላይ ባለው ባር፣ ያለን የኦክሲጅን መጠን ይወጣል። ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር 150 ባር ካሳየ 1,500 ሊትር አለው ማለት ነው። የመጨረሻውን 20 ባር አትቁጠሩት፤ 1,300 ሊትር ይቀራል። ጌጁ በፒኤስአይ የሚያነብ ከሆነ ለ14.5 አካፍሉና ወደ ባር ለውጡት።

ፍጆታው ደግሞ እንዲህ ይሰላል። በደቂቃ 16 ጊዜ፣ በየትንፋሹ 360 ሚሊ ሊትር የምትወስድ ሴት በደቂቃ 6 ሊትር ገደማ ትወስዳለች። በ100 ከመቶ ኦክሲጅን ላይ ከሆነች ያ ሁሉ ከሲሊንደሩ ይወጣል፤ በዚህ ላይ መሣሪያው ራሱ የሚያባክነው አለ፤ በጋዝ ግፊት የሚሠሩት ለራሳቸው መንቀሳቀሻም ይወስዳሉ። ስለዚህ እኔ በደቂቃ 10 ሊትር ብዬ አስባለሁ። 1,300 ለ10 ሲካፈል 130 ደቂቃ ነው። ከአዳማ እስከ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ሊበቃ ይችላል። ነገር ግን ቱሉ ዲምቱ ላይ ከክፍያ መንገዱ ወጥቶ ከተማውን ማቋረጥ አለ፤ ደርሶም አልጋ እስኪዘጋጅ መጠበቅ አለ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ካሰባችሁ የአራት ሰዓት ኦክሲጅን ጫኑ። ይኸውም በዚህ ምሳሌ ሁለት ሙሉ ሲሊንደር ነው።

ይህን በጥብቅ የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። አንድ ሌሊት ጌጁ 140 ማሳየቱን አይተን ተነሣን። ሞጆን አልፈን ብዙ ሳንሄድ የኦክሲጅን አቅርቦት ማስጠንቀቂያው ጮኸ። በሬጉሌተሩና (በግፊት መቀነሻውና) በሲሊንደሩ መጋጠሚያ መካከል ያለችው ቀለበት ላስቲክ ተሰንጥቃ፣ ኦክሲጅኑ ከሕመምተኛው ይልቅ ወደ አምቡላንሱ ሲወጣ ቆይቷል። የሞተሩ ድምፅ ስለሸፈነው አልሰማነውም። ተለዋጭ ሲሊንደር ስለነበረን ብቻ ተረፍን። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሳላደርግ አልነሣም፦ ሬጉሌተሩንና ቱቦውን ከመሣሪያው ጋር ካጋጠምኩ በኋላ፣ መሣሪያው ገና ሳይበራ፣ የሲሊንደሩን ቫልቭ እከፍታለሁ፤ መርፌው ሲቆም እንደገና እዘጋዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃም ጠብቄ መርፌውን አያለሁ። ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ። ስንነሣ ቫልቩን መልሶ መክፈት እንዳይረሳ ጮክ ብላችሁ ለጓደኛችሁ ንገሩት፤ እሱም በእጁ ነክቶ ይመስክር። መጋጠሚያው ላይ ቅባት ወይም ዘይት ከቶ አይነካም፤ ኦክሲጅንና ቅባት ሲገናኙ እሳት ሊነሣ ይችላል።

ባትሪው ላይ አጭር እሆናለሁ። ሙሉ ተብሎ የሚታየው አመልካች አዲስ ባትሪን እንጂ ያረጀን ባትሪ በታማኝነት አይገልጽም። አምራቹ የጻፈውን ሰዓት በግማሽ ቀንሳችሁ አስቡ፣ የአምቡላንሱ መሰኪያ ኃይል መስጠቱንም ገመዱን ሰክታችሁ በስክሪኑ ላይ ባለው የመሰኪያ ምልክት አረጋግጡ።

ማጣሪያውን ግን አዳማ ለሚሠራ ሰው ማለፍ አይገባም። ከከተማችን አቅራቢያ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚያዞረው ነፋስ፣ አቧራውንም ይዞ ይመጣል። በራሱ ተርባይን አየር የሚስብ ቬንቲሌተር ከኋላው ወይም ከጎኑ የአየር መግቢያ ማጣሪያ አለው፤ ሲደፈን ተርባይኑ ይደክማል፣ መሣሪያው ይግላል፣ የሚሰጠውም መጠን ይዛነፋል። በየሳምንቱ አውጥታችሁ እዩት። ግራጫ ከሆነ ቀይሩት፤ የሚታጠብ ዓይነት ከሆነ አጥባችሁ ፍጹም ካልደረቀ አትመልሱት። መሣሪያው በብርድ ልብስ ወይም በሻንጣ ተሸፍኖ መግቢያው እንዳይታፈንም ተጠንቀቁ።

ማብራትና መፈተሽ

ቱቦዎቹን፣ ማለትም ሰርኪቱን፣ ገጣጥሙ። በሕመምተኛው በኩል ሙቀትና እርጥበት የሚጠብቀውን ማጣሪያ ግጠሙ። ከዚያ አብሩት። መሣሪያው ራሱን ሲፈትሽ ድምፅ ያሰማል፣ መብራቶቹም ይበራሉ፤ በዚህ ጊዜ ቁልፍ አትንኩ። ፈተናው የሰርኪቱን ጫፍ እንድትደፍኑ ከጠየቀ በንጹሕ ጓንት ደፍኑ። አልፏል ካላለ ሕመምተኛ ላይ አይገጠምም፤ ጊዜ ቢያጥርም ይህን መዝለል አይፈቀድም።

ቀጥሎ የሙከራ ሳንባውን (በሕመምተኛው ሳንባ ምትክ የሚገጠመውን ከረጢት) ግጠሙና ለአንድ ደቂቃ ያህል አስተንፍሱት። የታዘዘውና ተመልሶ የሚለካው ታይዳል ቮልዩም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ከዚያ ሰርኪቱን ሆን ብላችሁ ንቀሉት፤ የመለያየት ማስጠንቀቂያው ሊጮኽ ይገባል። ጫፉን ድፈኑት፤ የከፍተኛ ግፊት ማስጠንቀቂያው ሊጮኽ ይገባል። ሁለቱንም በጆሯችሁ ካልሰማችሁ ድምፁ ተቀንሶ ወይም ወሰኑ ተለጥጦ ይሆናል። ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው የተወውን ቅንብር አትውረሱ፤ አዲስ ሕመምተኛ ብላችሁ ጀምሩ፤ አዋቂ ወይም ሕፃን የሚለውንም ምረጡ።

ቁልፎቹን ማቀናበር

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቁመቷ 160 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ በሳንባ ምች ምክንያት በአየር ቧንቧዋ ውስጥ ቱቦ የገባላት ሴት አለች። አልጋው ላይ ስትታይ 80 ኪሎ ትሆናለች። ታይዳል ቮልዩም ግን በሚዛን ክብደት አይሰላም፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አይሰፋምና። የሚሰላው ከቁመት ነው። ለሴት፦ ከቁመቷ ላይ 152.4 ቀንሱ፣ በ0.91 አባዙ፣ 45.5 ደምሩ። ለወንድ የሚደመረው 50 ነው። ለእሷ 52 ኪሎ ገደማ ይመጣል። በኪሎ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ሲታሰብ ከ310 እስከ 420 መካከል ነው፤ ሳንባዋ የታመመ ስለሆነ ከመካከሉ ሳንበልጥ በ360 እንጀምር። በ80 ኪሎ ቢሰላ ኖሮ 640 እናዝላት ነበር፤ ያ ሳንባዋን ይጎዳል። ሜትር በኪሳችሁ ያዙ። ከተረከዝ እስከ አናት መለካት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

የአተነፋፈሱ ዓይነት፣ ሞዱ፣ ብዙ ስም አለው። ለጉዞ የሚበቃው ልዩነት ይህ ነው። በቮልዩም ሞድ መጠኑን እናዝዛለን፣ ግፊቱ ነፃ ይሆናል። በፕሬዠር ሞድ ግፊቱን እናዝዛለን፣ መጠኑ ነፃ ይሆናል። ስለ ሳንባው የሚነግረን ሁልጊዜ ነፃ የተውነው ነው። በቮልዩም ሞድ ላይ ሳላችሁ ዓይናችሁ ግፊቱ ላይ ይሁን፤ በፕሬዠር ሞድ ላይ ሳላችሁ ተመልሶ የሚወጣው መጠን ላይ ይሁን። በማደንዘዣ የተኛን አዋቂ ሳጓጉዝ ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ በስተቀር የምመርጠው በቮልዩም የሚሠራውን አሲስት ኮንትሮል ነው፤ ትንፋሹን መሣሪያውም ሆነ ሕመምተኛው ቢጀምረው የታዘዘው መጠን ይሰጣል።

የትንፋሽ ቁጥር ለአብዛኛው አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው፤ ለእሷ 16። እዚህ ላይ ግን ልማድ አያስራችሁ። በስኳር ሕመም ምክንያት ደሙ አሲድ የሆነበት ሰው ቱቦ ከመግባቱ በፊት በደቂቃ 35 ጊዜ እየተነፈሰ ራሱን ሲያድን ቆይቷል፤ በ14 ላይ ብታስቀምጡት አሲዱ ያጥለቀልቀዋል። አስም የያዘው ሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አየሩ ለመውጣት ጊዜ ስለሚፈልግ ቁጥሩ ወደ 10 ዝቅ ይላል፣ የማስገቢያና የማስወጫ ጊዜው ምጣኔም ከ1 ለ 2 ወደ 1 ለ 4 ይሄዳል።

ፒፕ፣ ማለትም በትንፋሽ መጨረሻ ሳንባው እንዳይከደን የሚቀረው ግፊት፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ውሃ (የግፊት መለኪያ ነው) ይጀመራል። ኦክሲጅኑን በ100 ከመቶ ጀምሩና በጣት ላይ በሚገጠመው መለኪያ የሚነበበው የደም ኦክሲጅን ከ92 እስከ 96 ከመቶ መካከል እስኪረጋ ቀስ በቀስ ቀንሱ። መሣሪያችሁ ኦክሲጅን የሚቀበለው ከኮንሰንትሬተር (ኦክሲጅንን ከአየር ከሚለይ መሣሪያ) ወይም ከፍሎ ሜትር (ከፍሰት መለኪያ) ከሆነ ከመቶው ቋሚ አይደለም፤ ሕመምተኛው በደቂቃ የሚወስደው አየር ሲጨምር ኦክሲጅኑ ይሳሳል።

ትሪገር የሚባለው ቁልፍ መሣሪያው የሕመምተኛውን የራሱን ትንፋሽ ምን ያህል በቀላሉ እንዲያስተውል ይወስናል። ፍሰት የሚያነበው በደቂቃ በ2 ወይም 3 ሊትር ይጀመራል። በጣም ስስ ከሆነ የመኪናውን መንገጫገጭና በቱቦው ውስጥ ያለ ውሃን ትንፋሽ ነው ብሎ ይቆጥራል። የታዘዘው 16 ሆኖ የተለካው 28 ሲሆን ሕመምተኛዋን እዩ፤ ደረቷ ከመሣሪያው ቀድሞ ካልተንቀሳቀሰ መሣሪያው ራሱን እያታለለ ነው። ውሃውን አፍስሱ፣ የሚያፈስ ቦታ ፈልጉ፣ ትሪገሩንም ትንሽ አጠንክሩ።

ከዚያ የማስጠንቀቂያ ወሰኖች ይቀናበራሉ። ከፍተኛ ግፊት ከሚታየው ጫፍ (አየሩ ሲገባ ከሚደርስበት ከፍተኛ ግፊት) በ10 ከፍ ብሎ፣ ከ40 ሳይበልጥ። በደቂቃ የሚወጣው መጠን ዝቅተኛ ወሰን ከሚለካው ከሩብ እስከ ሲሶ ዝቅ ብሎ። የትንፋሽ መቆም በ20 ሴኮንድ። ማስጠንቀቂያ እንዳይረብሽ ብሎ ወሰኑን መለጠጥ በር ላይ ያለን ዘበኛ እንደ ማስተኛት ነው።

ማገናኘት፣ ከዚያም ዓይን

ሰርኪቱን ከቱቦው ጋር አገናኙ፤ መጀመሪያ የምትመለከቱት ስክሪኑን አይደለም። ደረቱን እዩ፦ ሁለቱም ጎን እኩል ይነሣል? በስቴቶስኮፕ ሁለቱንም ጎን ስሙ። ቱቦው በጥርሱ አጠገብ በስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደታሰረ አንብባችሁ ጻፉ። ካፕኖግራፍ፣ ማለትም በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ፣ ካለ አሁኑኑ ይገጠም፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ አናት ያለው ቅርጽ ከወጣ ቱቦው በአየር ቧንቧ ውስጥ ነው። ቅርጹ በድንገት ጠፍቶ መስመር ብቻ ከሆነ፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ቱቦው ወጥቷል ብላችሁ አስቡ።

የጣት መለኪያው ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሙሽራ ወይም አራስ ስትመጣ ጥፍሯ በእንሶስላ ወይም በቀለም የተዋበ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ንባቡን ሊያዛባ ይችላል። ወደ ጆሮ ወይም ወደ እግር ጣት አዙሩት። የሚታየው የልብ ምት በእጃችሁ ከምትቆጥሩት ካልገጠመ ከመቶውንም አትመኑት።

ስክሪኑን ማንበብ

አሁን ወደ ሁለቱ ቁጥሮች እንመለስ። 360 ታዝዟል፤ የሚመለሰውን እዩ። 350 ከሆነ መልካም። 250 ከሆነ 110 ሚሊ ሊትር የሆነ ቦታ ቀርቷል። ሁለት መንገድ አለ። ግፊቱ ዝቅ ብሎ ከሆነ እየፈሰሰ ነው፦ መጋጠሚያው ላልቷል፣ ወይም የቱቦው ፊኛ (በአየር ቧንቧው ውስጥ የቱቦውን ዙሪያ የሚዘጋው) አየሩን አጥቷል። ግፊቱ ከፍ ብሎ ማስጠንቀቂያውም እየጮኸ ከሆነ ደግሞ፣ መሣሪያው ወሰኑ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን በመካከል እየቆረጠው ነው። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ቁልፉ ላይ 360 ተጽፎ ስላየ የገባ ይመስለዋል። መነሻዬ ላይ የጠቀስኳት ሕመምተኛ 260 የነበረው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ቱቦዋን አክታ አጥብቦት ነበር። ሲመጠጥላት በሦስት ትንፋሽ ወደ 440 ተመለሰች።

የጫፉ ግፊት ብቻውን ችግሩ የት እንዳለ አይለይም። ለመለየት የማስገቢያ ማቆሚያ ቁልፉን ለግማሽ ሴኮንድ ያህል ያዙት፤ አየሩ ሲቆም የሚነበበው የፕላቶ ግፊት ይባላል። ሕመምተኛው ራሱ እየታገለ ከሆነ ይህ ንባብ አይታመንም። ጫፉ 38፣ ፕላቶው 20 ከሆነ ሳንባው ደህና ነው፤ ጥበቱ መንገዱ ላይ ነው። ቱቦው ታጥፏል፣ ተነክሷል፣ አክታ ይዟል ወይም በሳንባው ውስጥ ያለው የአየር መተላለፊያ (ብሮንካሱ) ተጨብጧል። ጫፉ 38፣ ፕላቶው 34 ከሆነ ግን ችግሩ ሳንባው ራሱ ላይ ነው፦ ቱቦው ወደ አንድ ጎን ገብቷል፣ በደረት ውስጥ አየር ተጠራቅሟል ወይም ሳንባው ውሃ ይዟል። ፕላቶ ከ30 በታች እንዲሆን፣ ከፕላቶው ላይ ፒፑ ሲቀነስም ከ15 እንዳይበልጥ ጣሩ።

ሦስት የሞገድ መስመሮች ካሉ የግፊቱን፣ የፍሰቱንና የመጠኑን ያሳያሉ። ትንሽ ስክሪን ላይ ሁለቱን ብቻ መምረጥ ካለባችሁ ግፊቱንና ፍሰቱን ምረጡ። የፍሰቱ መስመር አየሩ በሚወጣበት ጊዜ ከዜሮ በታች ወርዶ፣ ቀጣዩ ትንፋሽ ሳይጀምር ወደ ዜሮ መመለስ አለበት። ሳይመለስ ሌላው ከጀመረ አየር በውስጥ እየተጠራቀመ ነው። በአስም ሕመምተኛ ላይ ይህ ሲደጋገም ደረት ይወጠራል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። የትንፋሽ ቁጥሩን ቀንሱ። የደም ግፊቱ በድንገት ከወደቀ ሰርኪቱን ከቱቦው ለጥቂት ሴኮንዶች ለዩትና የታመቀው አየር ይውጣ፤ ሲወጣ በጆሮ ይሰማል። ካልተመለሰ በደረት ውስጥ አየር ገብቶ ይሆናልና ሐኪሙ ወዲያው ይመርምር። መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ከተንቀጠቀጠ ውሃ ወይም አክታ ነው።

የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቁጥር በጤናማ ሰው ከ35 እስከ 45 ነው። በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ የተጎዳን ሰው ስናጓጉዝ ከ35 እስከ 40 መካከል አጥብቀን መያዝ ይገባናል። በድንጋጤ አምቡ በፍጥነት ስንጨምቅ ቁጥሩ ወደ 25 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ለተጎዳው አንጎል የሚደርሰው ደምም ይቀንሳል። ፈጥነን ረዳን ብለን የምንጎዳበት ቦታ ይህ ነው።

ሽቅብ መንገድ

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናቸው። በዚህ ጉዞ ወደ 700 ሜትር ያህል እንወጣለን፤ የአየሩ ግፊት ከመቶ 8 ገደማ ይቀንሳል። በስክሪኑ ላይ ያለው ኦክሲጅን 40 ከመቶ እንደሆነ ይቆያል፤ ማንም አልነካውምና። ነገር ግን ከመቶ 40 የሆነው የሳሳ አየር ነው። አዳማ ላይ በ40 ከመቶ የበቃው ሰው ያንኑ ለማግኘት አዲስ አበባ ላይ 44 ከመቶ ገደማ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቢሾፍቱን ስታልፉ የጣቱ ንባብ ከ94 ወደ 90 ቢወርድ ቱቦውን፣ ደረቱንና ኦክሲጅኑን ፈትሹ፤ ሁሉም ደህና ከሆነ ከፍታው ነው፣ ኦክሲጅኑን ጨምሩ። አዳማ ላይ ከ92 በላይ ለማቆየት 90 ከመቶ የሚያስፈልገው ሰው ግን የሚጨመርለት ብዙ የለውም፤ ይህን ከመነሣታችን በፊት ለሐኪሙ መንገር አለብን። አንዳንድ መሣሪያ ከፍታውን ራሱ ያነባል፣ አንዳንዱ በቅንብሩ ውስጥ እንድትጽፉለት ይጠይቃል፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ እወቁ። የቱቦው ፊኛም ከፍታ ሲጨምር ይነፋል፤ ግፊቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ መካከል መሆኑን በመለኪያ እዩ።

በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው የምጽፈው የተለካውን ነው፦ የተመለሰ መጠን፣ የጫፍ ግፊት፣ የትንፋሽ ቁጥር፣ ኦክሲጅን በጣት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የደም ግፊት፣ የሲሊንደሩ ባር። ሁለት ተከታታይ መስመሮች ሲነጻጸሩ አንድ ቁጥር ብቻውን የማይናገረው ይታያል።

ሲጮኽ

ማስጠንቀቂያ ሲጮኽ እጅ ወደ ድምፅ ማጥፊያው ይሮጣል። አጥፉት፣ ዓይናችሁ ግን ደረቱ ላይ ይሁን። ደረቱ ካልተነሣ ወይም የጣቱ ንባብ እየወረደ ከሆነ ምክንያቱን በስክሪኑ ላይ መፈለግ የለም፤ ሰርኪቱን ንቀሉ፣ አምቡውን ከ100 ከመቶ ኦክሲጅን ጋር ግጠሙ፣ በእጅ አስተንፍሱ። በእጅ ሲሆን በቀላሉ ከገባ ችግሩ መሣሪያው ወይም ሰርኪቱ ላይ ነበር። በእጅም ከከበደ ችግሩ ቱቦው ወይም ደረቱ ላይ ነው፦ ቱቦው ተንቀሳቅሷል? ተደፍኗል? በአንድ ጎን ድምፅ ጠፍቷል? በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፤ መምጠጫው ሳይደናቀፍ በቱቦው ውስጥ ካለፈ ተደፍኗል የሚለው ይወድቃል።

አብራ የተሳፈረችው እናት ያን ጩኸት ስትሰማ ልጄ ሞተች ብላ ትነሣለች። አንድ እጃችሁ ሥራ ላይ እያለም ቢሆን መልሱላት። «እማማ፣ መሣሪያው እኔን ጠርቶኝ ነው። ይኸው እያየኋት ነው» ማለት ይበቃል፤ አፋን ኦሮሞ የምትናገር ከሆነ በቋንቋዋ። ከመነሣታችን በፊት መሣሪያው እንደሚጮኽና ለምን እንደሚጮኽ ብንነግራት ደግሞ የተሻለ ነው።

ስትደርሱ

ሲሊንደሩንም ሆነ ቬንቲሌተሩን የምትለዩት የተቀባዩ ሆስፒታል መሣሪያ ተገጥሞ፣ ደረቱ ተነሥቶ፣ የጣቱ ንባብ ሲረጋ ነው። ስታስረክቡ ያዘዛችሁትንና የተለካውን ለየብቻ ተናገሩ፦ «360 ታዝዞ 350 ይመለሳል፤ ጫፍ 28፣ ፕላቶ 23፤ አዳማ ላይ 40 ከመቶ ነበረች፣ አሁን 45 ላይ ናት»። ተቀባዩ ነርስ ይህን ሲሰማ በስንት ቁጥር እንደሚጀምር ያውቃል።

ስትመለሱ የአንድ ጊዜ ሰርኪቱንና ማጣሪያውን አስወግዱ። ገጹን በተፈቀደው ማጽጃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፤ ፈሳሽ በቀጥታ አይረጭበትም። ባዶውን ሲሊንደር ባዶ ብላችሁ ጻፉበትና ከሙሉዎቹ ለይታችሁ አቁሙት። ባትሪውን ሰክታችሁ፣ የመሰኪያው ምልክት ስክሪኑ ላይ መብራቱን አይታችሁ ውጡ።